ገመናችንን ሳታወጪ ላናገርሽን

ውድ ልብ ወለድ፣

ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ዘገየሁ። «አንቺ» እያልኩ የምጽፍልሽም ደፍሬሽ አይደለም፤ ከእናቴ ጋር ማጀት ተቀምጠሽ ያሳደግሽኝ የቤት ሰው ስለሆንሽ ነው። ስለ ፍቅር፣ ስለ ቤተሰብ ገመና፣ አንገታቸውን ስለማይደፉ ሴቶች የምታወሪውን አንቺን ነው የምለው። ያለብኝን ውለታ አንድ በአንድ ልቁጠርልሽ።

የመጀመሪያው ውለታሽ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ደጅሽን አለመዝጋትሽ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ሬዲዮ የሌላቸው ጎረቤቶቻችን እኛ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ያ ድምፅ ሲጀምር ቡና የምትቀዳዋ ሴት እንኳ ሲኒ እንዳይጋጭባት ትጠነቀቅ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ያ ወፍራም መጽሐፍ፣ ገጽ ገልጠው በማያውቁ ሴቶች መካከል የሰፈር ወሬ ሆኖ ሰነበተ። ባለታሪኳ ሰብለ ወንጌል ባዘነች ቁጥር የገዛ እህታቸው ያዘነች ያህል ከንፈር ይመጡላት ነበር።

ሁለተኛው፣ እናቴን ከንባብ ጋር ያዋደድሻት አንቺ መሆንሽ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል አስቆጠራት፤ ፊደሉን ይዛ የምትሄድበትን አገር የሰጠሻት ግን አንቺ ነሽ። ከመጽሐፍ አከራይ የገዛነው የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ ሽፋን አልነበረውም። በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል፤ የገጾቹ ጠርዝ በብዙ ሰው ጣት ወይቧል። እናቴ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ዓይኗ ሲደክም፣ ወይም እጇ ሥራ ሲይዝ፣ «እስኪ አንቺ ቀጥይልኝ» ትለኛለች።

አንድ ቀን እንዲሁ ሳነብላት ውድነሽ በጣሙ ጋ ደረስን፤ የሰብለ ፍቅረኛ የበዛብህ እናት። ያገቧት ባሎች እየሞቱባት «ገፊ» የተባለች፣ ወንድ የሸሻት ሴት ናት፤ ቦጋለ መብራቱ ግን ወሬውን ትቶ አገባት። እናቴ ምስር ትለቅም ነበር። ሰፌዱ ጭኗ ላይ እንዳለ እጇ ቆመ። አንዲት ጠጠር በሁለት ጣቷ እንደያዘች፣ መጣሏን ረስታ፣ «እሷስ ታድላለች፤ ወሬ የማይሰማ ሰው አገኘች» አለች። ቀና ብዬ አየኋት። «እኔም ከአባትሽ በፊት ባል ነበረኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው የዳሩኝ። ጠፍቼ ነው የመጣሁት» አለችኝና ጠጠሯን ወርውራ ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

የቀረውን በአንድ ቀን አልነገረችኝም። ዓመታት ፈጀ፤ በየጊዜው ቁራጭ ቁራጭ እየጨመረች ነው። መነሻዋ ግን ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ። «ሰብለ ቤቷን ጥላ ስትወጣ» ብላ ትጀምራለች። ትንሽ ቆይቼ የማዳምጠው የእሷኑ መንገድ መሆኑ ይገባኛል፦ በሌሊት ተነሥታ፣ በባዶ እግሯ፣ የመኪና መንገድ እስክታገኝ ሁለት ቀን የተጓዘችውን።

ትልቁ ውለታሽ እዚህ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ገመና ይከተታል እንጂ አይወጣም። ታላላቆቻችን እንዲህ ያስለመዱን ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ ልጅ አንገቱን እንዳይደፋ፣ ትዳር እንዳይፈርስ ብለው ነው። ነገር ግን ተከቶ የኖረ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላል። አንቺ ክዳኑን በግድ አትከፍቺም። የሌላ ሰው ገመና አምጥተሽ መካከላችን ታስቀምጫለሽ፤ በዚያ ላይ እያዘንን፣ እየፈረድን፣ የራሳችንን እንጫወታለን። እናቴ ስለ ውድነሽ ስታወራ ማንንም አላማችም፤ ቤቷንም አላጋለጠችም። ሰሙ ውድነሽ ነበረች፤ ወርቁ እናቴ።

ስለ ሴቶችሽም አመሰግንሻለሁ። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት፤ ለእሷ የሚመጥን ዘር ጠፍቶ ዕድሜዋ በአባቷ ግቢ እየነጎደ፣ በመጨረሻ ራሷ ወጣች። እናቴ ስለ እሷ ያለችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «እግሯን አመነች»። የኃይለመለኮት መዋዕልን «የወዲያነሽ» ስናነብ ደግሞ፣ የጌቶች ልጅ የወደዳት የቤት ሠራተኛ መከራ እናቴን ለቀናት አላስተኛትም። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት የምትሠራውን ልጅ «አንቺ ልጅ» ብላ አልጠራቻትም፤ ስሟን ጠየቀቻት። የፀሐይ መላኩን «ቋሳ» ያመጣሁላት ቀን ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «ሴት ናት የጻፈችው?» አለችኝ። አዎ ስላት መጽሐፉን ከመክፈቷ በፊት ትንሽ አቅፋው ቆየች።

ደራሲዎችሽ የከፈሉትንም አልረሳሁም። ፊያሜታ ጊላይ የተባለችውን ባለታሪክ የሰጠን በዓሉ ግርማ፣ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ሥራውን አጣ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም በ1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። የፍቅር ታሪክ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚለኝ ሰው ሲገጥመኝ እሱን አስባለሁ።

ባሕር ማዶም ሄደሽ ያንኑ ሥራሽን ስትሠሪ አግኝቼሻለሁ። መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ፣ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ባለታሪኳ ሒሩት ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ ናት። ከአባቷ የቀራትን ውጅግራ ጠመንጃ ጌታዋ ኪዳኔ ይወስድባታል፤ ጣልያን ሲመጣ እሷም ትዘምታለች። ከዚህ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው ነገር ነው። መዓዛ በልብ ወለዱ ላይ ለዓመታት ከደከመች በኋላ ነው የገዛ ቅድመ አያቷ ዘማች እንደነበረች ከእናቷ የሰማችው። አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ሰጥቶባት፣ ቅድመ አያቷ ከስሳ፣ ተሟግታ፣ አስፈርዳ ጠመንጃዋን ይዛ ዘመተች። ያ ሁሉ ታሪክ እዚያው እናቷ ዘንድ ነበር፤ የሚያስጠይቅ ምክንያት ነው የጠፋው። ይህን ሳነብ ሰፌዱና ጠጠሯ ትዝ አሉኝ። ለእኔ ያደረግሽውን ለመዓዛም አድርገሽላታል።

ዛሬ እናቴ ዓይኗ ደክሟል። እኔ አነብላታለሁ፤ ጣቷን የምታስኬድበት መስመር የለም። ሰው ሁሉ የሚያለቅስበትን የሰብለንና የበዛብህን መጨረሻ አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም። «ውድነሽን አምጪልኝ» ነው የምትለኝ።

እኔም ለልጄ ያልነገርኳት ነገር አለኝ። እንዴት እንደምጀምርላት ሳላውቅ ዓመታት አለፉ። ባለፈው እሑድ ያንን በጋዜጣ የተለበጠ መጽሐፍ አውጥቼ፣ «ይህቺን ሴት ታውቂያታለሽ?» ብዬ ከጎኔ አስቀመጥኳት። ገና ሁለት ገጽ ሳንሄድ፣ «እማዬ፣ ለምን ቆምሽ?» አለችኝ።

ምስጋናዬን ልጨርስልሽ ብዬ ነበር የተነሣሁት፤ ውለታሽ ገና እየጨመረብኝ ነው።

አክባሪሽ፣
ምስር ስትለቅም ያናገርሻት ሴት ልጅ