አንድ ኮምፒውተር ለአምስት ሰው

ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቴን ባለቤቴ የሰማው ከእኔ ሳይሆን ከታናሽ እህቱ ነው። እራት ላይ «እውነት ሥራ ልትለቂ ነው?» ስትለኝ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ባለቤቴ ምንም አላለም። ዝምታው ግን እስከ እሑድ ዘለቀ።

ልጅቷ ኢሜይሌን አልበረበረችም። አሳይመንቷን ልትልክ የሳሎኑን ኮምፒውተር ስትከፍት ጂሜይል የእኔን የመልእክት ሳጥን አወጣላት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» የሚል ርዕስ ተቀምጧል። ማንስ ቢሆን አያነብም? ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ላፕቶፔ ቢሮ ስለቀረ ሲቪዬን ከዚያው ኮምፒውተር ልኬ፣ ሳልወጣ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ኮምፒውተሩን ባለቤቴ የገዛው ተማሪ ሳለ ነው፤ ዛሬም በዊንዶውስ 7 ይሠራል። ሲበራ ምንም ሳይጠይቅ ቀጥታ ይገባል። ያለው አንድ አካውንት ነው፣ ስሙም «ዩዘር»። በእሱ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቱ፣ የ9 ዓመት ልጃችንና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣው አስጠኚዋ እንጠቀማለን። ቢሮ የደንበኞችን ፋይል ማን ማየት አለበት እያልኩ የምከራከረው እኔ፣ ቤቴን እንዲህ ከፍቼ ኖሬያለሁ።

እሑድ ከሰዓት ባለቤቴን ይቅርታ ጠይቄ አብረን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። በመጀመሪያ ክሮም ያስቀመጣቸውን ፓስወርዶች ከፈትን። ክሮም እነዚህን ከማሳየቱ በፊት የዊንዶውሱን ፓስወርድ ይጠይቃል። የእኛ ዊንዶውስ ፓስወርድ ስላልነበረው ሁሉንም ዘርዝሮ አወጣልን፤ የእኔን፣ የእሱን፣ የእህቱን ጭምር። እኔ ከማመልከቻው ይልቅ የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም አጠፋንና ዋና ዋናዎቹን ከየስልካችን ቀየርን።

ከዚያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ዩዘር አካውንትስ» ገባን። እዚህ ልብ የሚባለው ነገር የአካውንቱ ዓይነት ነው። «አድሚኒስትሬተር» የሆነ ሰው ፕሮግራም ይጭናል፣ የሌላውን ፋይል ያያል፣ የሌላውን ፓስወርድም ይቀይራል። «ስታንዳርድ» የሆነው ግን በራሱ ክልል ብቻ ነው የሚሠራው። ብዙ ቤት ሁሉም ሰው አድሚኒስትሬተር ነው፤ ያ ከሆነ አካውንት መለያየቱ እምብዛም ትርጉም የለውም። እኛ አሮጌውን «ዩዘር» ፓስወርድ ሰጥተን ለፕሮግራም መጫኛ ብቻ አስቀረነው። ለአራታችንም፣ ለራሴም ሳይቀር፣ የየራሳችንን ስታንዳርድ አካውንት ከነፓስወርዱ ከፈትን። አስጠኚው በ«ጌስት» ይገባል። የቤተሰቡ ፎቶ ሁሉም እንዲያየው «ፐብሊክ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገባ። ስክሪኑ አምስት ደቂቃ ካልተነካ እንዲቆለፍ አደረግን፤ ለሚቸኩል ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤል ጋር መጫን ይበቃል።

አማቴ ሲያዩን ቆይተው «በገዛ ቤታችሁ ምን የምትደብቁት አለ፣ ልጄ?» አሉኝ። የእሳቸው የቁምሳጥን ቁልፍ ከመቀነታቸው ጫፍ ተለይቶ እንደማያውቅ ልነግራቸው አልደፈርኩም።

ይህን ሁሉ አድርገን ግን ኮምፒውተሩ አዲስ አልሆነም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ ክሮምም ከ2023 ወዲህ አዲስ ዕትም አያወጣለትም። የዊንዶውስ ፓስወርድ ደግሞ የቤት ሰውን ከቤት ሰው ይለያል እንጂ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ፍላሽ ያልፈዋል። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰካውም ፋይሎቹን ያያል። ስለዚህ የባንክ ነገርና የቢሮ ኢሜይል ከእንግዲህ እዚያ አይከፈትም ብለን ተስማማን። ለጥገና ሲወጣም አስፈላጊ ፋይሎችን ቀድመን እናወጣለን። «አዲስ ግዙና ተገላገሉ» የምትሉኝ ካላችሁ የላፕቶፕ ዋጋ ጠይቃችሁ ተመለሱ። ለልጅ የቤት ሥራና ለፕሪንት ይህኛው ገና ያገለግላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዊንዶውስ 7 ፓስወርድ ለሚረሳ ሰው ማደሻ ፋይል ፍላሽ ላይ ያስቀምጥለታል። እያንዳንዱ በራሱ አካውንት ገብቶ፣ ፓስወርዱን ሳይረሳ በፊት ነው የሚያዘጋጀው። ያንን ፍላሽ ያገኘ ሰው ግን ወደ አካውንቱ መግባት ስለሚችል እንደ ቤት ቁልፍ መያዝ አለበት።

ሥራውን አላገኘሁትም። ባለቤቴ በሁለተኛው ሳምንት ፓስወርዱን ረሳ፤ ፍላሹን ስንፈልግ ቅዳሜያችን አለፈ። የተገኘው ልጃችን የእርሳስ መያዣ ውስጥ ነው።