በእግር የሚሄደውን ማን ይቆጥረዋል? የከሚሴና አካባቢው ጉዞ በግራፍ ሲታይ

የጉዞ መረጃን ሰብስበው በግራፍና በካርታ የሚያሳዩ ሶፍትዌሮች ለትራንስፖርት ዕቅድ ሥራ ጠቃሚ መሣሪያዎች ናቸው። የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች በእግር፣ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በሚኒባስና በአውቶቡስ የሚያደርጉት ጉዞ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ በአንድ እይታ ለመረዳት ያስችላሉ። ይሁን እንጂ ግራፉ የሚያሳየው የተቆጠረውን ጉዞ ብቻ ነው። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ያለው ሁኔታ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 457,278 ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 12 በመቶ ገደማ ነበር። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዚህ መንገድ ላይ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች፣ ሚኒባሶችና የጭነት መኪናዎች ይመላለሳሉ፤ በከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ያገለግላል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲባል ግን ብዙው ነዋሪ የሚጓዘው በእግሩ ነው፤ ጭነቱንም አህያና ግመል ይሸከሙለታል።

የመጀመሪያው የመረጃ ክፍተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከመናኸሪያ የሚወጣ ተሽከርካሪ ስምሪቱ ስለሚመዘገብ በቀላሉ ይቆጠራል። በእግሩ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድ ነፍሰ ጡር ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ተማሪ ግን በመናኸሪያ በር አያልፉም። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረውና ቀበሌዎችን በመንገድ ለማገናኘት ባለመው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም አማካኝነት በአንድ ቀበሌ አዲስ መንገድ ተከፍቶ ሚኒባስ መሥራት ቢጀምር፣ ግራፉ «ጉዞ ጨመረ» ሊል ይችላል። በእውነቱ ግን ቀድሞ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሰው ተሳፋሪ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ለውጡ ትልቅ ጥቅም ቢሆንም ትርጉሙ የተለየ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የስሌቱ መነሻ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ100 ጉዞዎች 70ው በእግር እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ሜትር፣ 10ሩ በጋሪ 5 ኪሎ ሜትር፣ 20ው በተሽከርካሪ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆኑ፣ በጉዞ ብዛት ሲሰላ የተሽከርካሪ ድርሻ 20 በመቶ ብቻ ነው። በርቀት ሲሰላ ግን ወደ 75 በመቶ ያድጋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያስከትሉት ውሳኔ ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የእግረኛ መንገድና መሻገሪያ ድልድይ ሲያስቀድም፣ ሁለተኛው የአውቶቡስ ስምሪት ያስቀድማል።

ሦስተኛው የገበያ ቀን ነው። በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የሰንበቴ ገበያ እሑድ፣ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ይውላል። በእነዚህ ቀናት የሚኖረው የጉዞ ብዛት ከሌላው ቀን ጋር አይነጻጸርም። የወር አማካይን ብቻ የሚያሳይ ግራፍ ይህን ልዩነት ይደብቃል፤ በአማካዩ ላይ ተመሥርቶ የተመደበ ተሽከርካሪም ገበያተኛው በሚበዛበት ዕለት ያጥራል።

አራተኛው የአስተዳደር ወሰን ነው። ከከሚሴ ወደ ባቲ በአስፋልት መንገድ ለመሄድ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደቡብ ወሎ ዞን ኮምቦልቻ መድረስ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። መረጃው በዞን ተከፋፍሎ ከተያዘ፣ በአንድ ዞን ሁለት ከተሞች መካከል የተደረገ ጉዞ ወደ ሌላ ዞን እንደተደረጉ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ሊመዘገብ ይችላል።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ የእግረኛና የብስክሌት ጉዞን የትራንስፖርት ሥርዓቱ አካል አድርጎ ይመለከታል። ስትራቴጂው በመረጃ እንዲደገፍ የመናኸሪያ መዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚካሄድ የቤት ለቤት ጥናት፣ በገበያ ቀናትና በክረምት ወራት የሚደረግ ቆጠራም ያስፈልጋል።

ተገልጋዮችም በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ስለ ጉዞ ለሚጠይቅ መረጃ ሰብሳቢ ታሪፍ የተከፈለበትን ብቻ ሳይሆን ውኃ ለመቅዳት፣ ለወፍጮ፣ ለገበያና ለሕክምና በእግር የተደረገውን ጉዞ፣ የወሰደውንም ጊዜ መናገር ተገቢ ነው። በክረምት ወንዝ ሞልቶ የሚቋረጥ መንገድ ካለም ለቀበሌና ለወረዳ አስተዳደር ማሳወቅ ይገባል። ያልተቆጠረ እግረኛ በግራፉ ላይ አይታይም፤ በግራፉ ላይ ያልታየ ደግሞ በዕቅድና በበጀት ውስጥ የመካተት ዕድሉ አነስተኛ ነው።