ጋዙ የእኛ ነው፣ ወረቀቱስ?

ቆይ ወንድሜ፣ ቆይ እህቴ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰኔ 2010 ትዝ ይላችኋል? «ከኦጋዴን ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ መውጣት ጀመረ» ተብሎ ፌስቡኩ ሁሉ ባንዲራ የለበሰበት ሰሞን። እኔም ጮቤ ረግጫለሁ፣ አልደብቃችሁም።

ከዚያስ? የካቲት 2011 ከጅቡቲ ጋር የ767 ኪሎ ሜትር የጋዝ ቧንቧ ስምምነት ተፈረመ። ጋዙ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ደርሶ፣ እዚያ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ይሸጣል ተባልን። ቧንቧው ሳይዘረጋ ቀረ። በ2006 ውል የተፈራረመው ፖሊ ጂሲኤልም በ2015 መጀመሪያ ፈቃዱን ተነጠቀ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው! ጋዙ የተገኘው ደግሞ ትናንት አይደለም፤ የአሜሪካው ቴኔኮ ካሉብን የቆፈረው በንጉሡ ዘመን ነው።

አሁን ልብ በሉ። መስከረም 2018 ካሉብ ላይ የፈሳሽ ጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲመረቅ አልሚው ማን ነበር? ጂሲኤል። ያው ፈቃዱን የተነጠቀው የጋራ ኩባንያ አንዱ ባለቤት። ምርቱን አልጠላሁም፣ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ቀላል ነገር አይደለም። ግን የተነጠቀ ሰው የተመለሰው በምን ውል ነው? የእኛ ድርሻ ስንት ነው? ዳግም ቢዘገይ ምን ይቀጣል? እስቲ ከመካከላችሁ ውሉን አንብቤዋለሁ የሚል እጁን ያውጣ።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አዋጅ 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ለሕዝብ ክፍት ይሁን፣ አስተያየትም ይሰጥበት ይላል። በ2012 የካሉብ አካባቢ አርብቶ አደሮች ምንነቱ ስላልታወቀ በሽታ ለውጭ ጋዜጠኛ ተናገሩ፤ መንግሥት ሐሰት ነው አለ። ማን ልክ እንደሆነ በምን እንለይ? ጥናቱ በሶማሊኛ ተተርጉሞ ሽላቦ ገበያ ላይ ቢነበብ ኖሮ እኮ ቢያንስ የምንከራከርበት ወረቀት በእጃችን ይኖር ነበር።

ጎረቤት ኬንያን ተመልከቱ። ላሙ፣ ያ የእኛም ኮሪደር ይደርስበታል የተባለው ወደብ ያለበት ዳርቻ፣ 1,050 ሜጋዋት የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ሊተከልበት ነበር። የአካባቢ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሰጠ። ነዋሪው ከሰሰ። በፈረንጆቹ ሰኔ 2019 የአካባቢ ጉዳይ ችሎቱ «ሕዝቡን በአግባቡ አላማከራችሁም» ብሎ ፈቃዱን ሰረዘው። ዓሣ አጥማጅ ሰነዱን ስላየ ነው መከራከር የቻለው!

«ውል ከታተመ ኢንቨስተር ይሸሻል፣ ጠላትም ይጠቀምበታል» ይሉናል። ጋና ባሕር ውስጥ ነዳጅ ታወጣለች፤ በ2016 እ.ኤ.አ ባወጣችው ሕግ መሠረት የነዳጅ ውሎቿ በሕዝብ መዝገብ ተሰድረዋል፣ በስልክህ ከፍተህ ታነባቸዋለህ። ኩባንያዎቹ ጥለው አልሄዱም። እኛም ብንሆን ከ2014 እ.ኤ.አ ጀምሮ የማዕድንና ነዳጅ ግልጽነት ማኅበር አባል ነን፤ የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ከጥር 2021 እ.ኤ.አ ወዲህ የተፈረመ ውል ሁሉ ይታተም ይላል። ታዲያ ከማን ነው የሚደበቀው? ከእኔና ከእናንተ በቀር?

ባንዲራ መልበስ ያምርብናል፤ የውል አንቀጽ ማንበብ ግን ይደክመናል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛም ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ተጀምሯል ተብሏል። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የሁለቱም ምዕራፍ ውል ይታተም። የሥራ መርሐ ግብር ያልፈጸመ ኩባንያ ዘጠኝ ዓመት ሳይታቀፍ ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይውደቅ። የተነጠቀ ፈቃድ ለማንም ሲሰጥ ደግሞ በግልጽ ጨረታ ይሁን። ወደ ባሕር የሚወጣ ቧንቧ ዳግም ከታሰበም፣ ታሪፉንና የወደብ ኪራዩን ከፊርማው በፊት እንየው። የማዕድን ሚኒስቴር ገጽ ላይ ግቡና «ውሉ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በጨዋ ቋንቋ፣ ስድብ የለም። መልስ ከሰጧችሁ ስክሪንሾቱን እዚህ ለጥፉት።