የተቀዳው ፊልምና የሠራተኛው ደመወዝ

አኒሜ የሚባለውን የጃፓን የሥዕል ፊልም መመልከት ለክርስቲያን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በየግቢ ጉባኤውና በየወጣት ኅብረቱ መነሣት ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በፊልሙ ውስጥ በሚታዩት አጋንንት፣ በጥንቆላውና በገጸ ባሕርያቱ አለባበስ ላይ ነው። ፊልሙ ከተማሪው እጅ በምን መንገድ እንደ ገባ የጠየቀ ሰባኪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ይኸው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በቆላ ድባም ሆነ በጎንደር፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ፊልምና ዘፈን የሚጭኑ ትንንሽ ሱቆች አሉ። ደንበኛው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ይሰጣል፤ ባለ ሱቁ ከኮምፒውተሩ ይገለብጥለትና ጥቂት ብር ይቀበለዋል። ኔትወርክ ያለው ከቴሌግራም ያወርዳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ነበር። መንገድ ተዘግቶ፣ ትምህርት ቆሞ ከቤቱ የተቀመጠ ወጣት ናሩቶን ወይም ዋን ፒስን ከመጀመሪያው ክፍል አንሥቶ ቢመለከት ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን አለመፍረድና ጥያቄውን መሸሽ አንድ አይደሉም።

ጥያቄውን ያመጣብኝ የቆላ ድባ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ነው። «መምህር፣ ይህን ለንስሐ አባቴ ልናገር ይገባኛል? ወይስ እንዲያው ራሴን እያስጨነቅሁ ነው?» አለኝ። የጠየቀኝ ከልቡ ስለ ነበር በቀልድ ማለፍ አልተቻለኝም።

ከሕጉ እንጀምር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ መብቱን ሆን ብሎ ለሚጥስ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ይሁንና ይኸው አዋጅ የሚጠብቀው በመሠረቱ የኢትዮጵያውያንን፣ ነዋሪነታቸው በኢትዮጵያ የሆኑ ሰዎችን፣ እንዲሁም መጀመሪያ እዚህ አገር የታተሙ ሥራዎችን ነው፤ የውጭው ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ኢትዮጵያ በፈረመችው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኩል ሲሆን፣ አዋጁ በወጣበት ጊዜ አገራችን የዋናው የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። በዚህ ላይ አንድ ግለሰብ የታተመን ሥራ ለግሉ አገልግሎት በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለ መብቱ ሊከለክለው እንደማይችል አዋጁ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአዋጁ አንቀጾች ላይ ብቻ የቆመ ጠበቃ ለተማሪዬ የመከራከሪያ ነጥብ አያጣም።

«እንግዲያው ሕግ ካልከለከለው ኃጢአት የለበትም» የሚል መልስ ከብዙ የተማሩ ሰዎች ሰምቻለሁ። ይህ ለክርስቲያን የሚሆን መልስ አይደለም። በዚህች አገር ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው መሸጥ ጽድቅ ነበር የሚል ማን አለ? ሕግ ዝም ያለበት ቦታ ኅሊና ብቻውን የሚቆምበት ነው እንጂ ኅሊና የሚያንቀላፋበት አይደለም።

በሌላ በኩል መቅዳትን ሁሉ ስርቆት ብሎ መፈረጅም ከገዛ ትውፊታችን ጋር ያጣላል። የጣና ገዳማትን ብራናዎች ያየ ሰው በመጻሕፍቱ ዳርቻ የሰፈረውን ውግዘት ያውቀዋል። መጽሐፉን የሰረቀ ይወገዛል፤ የፋቀውም ይወገዛል። የቀዳውን የሚያወግዝ ግን አላጋጠመኝም። እንዲያውም መቅዳት በረከት ነበር፤ ሳይቀዳ ቢቀር ኖሮ ከዳጋ እስጢፋኖስ እስከ ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ምን ያነቡ ነበር? በቅኔ ቤትም ቢሆን የሚናቀው ቅኔን በቃሉ የያዘው ሳይሆን የሌላውን የራሱ አስመስሎ የሚዘርፈው ነው።

ነገር ግን ያ ትውፊት ሌላም ነገር ያውቅ ነበር። ብራናውን የዳመጠ፣ ቀለሙን የበጠበጠ፣ ለወራት ጎንበስ ብሎ የጻፈ ቁም ጸሐፊ ዋጋው ይከፈለው ነበር፤ አስጻፊውም ጸሐፊውም እንዲጸለይላቸው ስማቸው በመጽሐፉ ይሰፍር ነበር። እንደ እኔ እምነት የነገሩ ቁልፍ ከዚህ ላይ ነው። የተቀዳ ፊልም ጉዳይ ከስርቆት ትእዛዝ ይልቅ የሚቀርበው ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ተነፈገው የሠራተኛ ደመወዝ ወደ ጻፈው ተግሣጽ ነው። ሥዕሉ ሲገለበጥ ከቶኪዮ አንዳች ነገር አይጎድልም፤ በግ እንደ መስረቅ አይደለም። የሚጎድለው ለሠራው ሰው ሊደርሰው የሚገባው ነው።

እዚህ ላይ «ሠዓሊው መች ይደርሰዋል?» የሚል አለ፤ እውነትም አለው። በጃፓን አብዛኛው አኒሜ የሚሠራው ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ገንዘብ አዋጥተው በሚያቋቁሙት የምርት ኮሚቴ ነው። ትርፉ የኮሚቴው ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚሠራው ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ የተቆረጠለትን ክፍያ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ በሥዕል ልክ የሚከፈላቸው ጀማሪ ሠዓሊዎች ኑሮማ ጃፓናውያን ራሳቸው የሚያፍሩበት ነው። በዚያ ላይ ክራንቺሮል የተባለው ዛሬ በሕጋዊነቱ የሚታወቅ ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር ተመልካቾች ያለ ፈቃድ የሚጭኑትን ፊልም የሚያሳይ ገጽ ነበር፤ ኋላ ፈቃድ መግዛት ጀመረና በ2013 ዓ.ም. ሶኒ በ1.175 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ከዚህ ወዲያ ድርጅቱ ስለ ሥነ ምግባር ቢሰብከን ፈገግ ማለታችን አይቀርም። ሆኖም አንድ ሰው አስቀድሞ በአሠሪው ተበድሏል ማለት እኛም ብንጨምርበት ግድ የለም ማለት አይደለም።

ለተማሪዬ የመለስኩለት ይህን ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ የሌለው፣ ቢፈልግም የሚከፍልበት በር ያልተከፈተለት ሰው ፊልሙን ቢያይ ከማንም ገበያ አልነጠቀም፤ ለራሱም በደሉን ማግዘፍ የለበትም። ግን መብቴ ነው አይበል። ጠቢቡ ሰሎሞን ለርኅራኄ ያቀረበልን ስለ ራቡ የሰረቀውን ነው፤ አኒሜ እንጀራ አይደለም። ደግሞም ዘኬዎስ ባለጠጋ ነበርና አራት እጥፍ መለሰ፤ ተማሪ አራት እጥፍ የሚመልሰው የለውም፣ ደመወዝ ሲይዝ ግን የሚወደውን ሥራ አንድ ጊዜ ገዝቶ ቢከፍል ለኅሊናው ይበቃዋል። የሚጭነው ባለ ሱቅ ነገሩ ይከብዳል፤ እርሱ ከሌላው ላብ ይተዳደራልና። ከሁሉ የሚከብደው ግን በዋሽንግተን ወይም በሚኒሶታ ተቀምጦ፣ ካርዱ በኪሱ እያለ፣ «እኛ አበሾች እንዲህ ነን» እያለ በነፃ የሚያወርደው ወገናችን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ እያስመለሰ ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎች አምርረው ተቃወሙት። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን በፈቃድ የመጣው ያን ያህል ሲወገዝ፣ በየሱቁ የሚገለበጠው የእነርሱው የአማርኛ ፊልም ይህን ያህል ቁጣ ሲቀሰቅስ አላየሁም። መዝሙርማ «ለእግዚአብሔር የተዘመረ ስለ ሆነ አይሸጥም» እየተባለ ይቀዳል፤ ዘማሪው ለስቱዲዮ የከፈለውን ማንም አያነሣም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፉትን ብራናዎች መልሱልን ስንል ልክ ነን፤ የገዛ ዘማሪያችንን ድካም ስንወስድ ግን ድምፃችን ይሰልላል።

የመንግሥትም ድርሻ አለበት። ኢንተርኔትን በአዋጅ የሚዘጋ፣ ዜጋው ወደ ውጭ የሚከፍልበትን መንገድ ለዘመናት ያጠበበ መንግሥት ስለ ቅጂ መብት ሲያስተምር መደመጥ ይቸግረዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ለመብራትና ለውሃ የምንከፍልበት ስልክ ለፊልም የማይከፍልበት ቴክኒካዊ ምክንያት አይታየኝም። ከባለ መብቶች ጋር ተዋውሎ ለተማሪ በሚሆን ዋጋ በብር የሚያቀርብ ድርጅት ቢመጣ ስንቱ ይከፍላል? የማስተምራቸውን ሳስብ ግማሾቹ የሚከፍሉ ይመስለኛል። የቀሩት ያን ጊዜ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ይሂዱ።