አሰልሳን፦ ከማዕቀብ የተወለደው ኩባንያ

የሳተላይትና የማይክሮዌቭ መገናኛ መሣሪያዎችን የሚያመርተው የቱርክ ኩባንያ አሰልሳን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መነሻውም የ1974ቱ የቆጵሮስ ዘመቻና እሱን ተከትሎ አሜሪካ የጣለችው የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ነበር። መገናኛው በባዕድ እጅ የሆነ አገር ውሳኔውም በባዕድ እጅ እንደሚወድቅ አንካራ የተረዳችው ያኔ ነው።

በሐምሌ 2024 የመጠቀችው ቱርክሳት 6ኤ በአገር ውስጥ የተሠራች የመጀመሪያዋ የቱርክ የመገናኛ ሳተላይት ስትሆን፣ አሰልሳንም ከሠሪዎቿ አንዱ ነው። በአንጻሩ በ1976 የተቋቋመው አረብሳት ሳተላይቶቹን ሲገዛ የኖረው ከምዕራባውያን ኩባንያዎች ነው። ገንዘብ ሳተላይትን በጥቂት ዓመታት ያስገኛል፤ ሙያው ግን የግማሽ ምዕተ ዓመት ትዕግሥት ጠይቋል። ጉዞውም ገና አላበቃም፤ ቱርክሳት 6ኤን ወደ ሕዋ ያደረሳት የአሜሪካው ስፔስኤክስ ሮኬት ነውና።