የማን እስር? የማን ወረቀት?

ባለፈው እትማችን አንድ የመኝታ ክፍል ጎረቤቴ «ሰብሳቢ ባይኖር የእስር ቤትን ታሪክ አይጥ ይበላው ነበር» ሲል ጽፎልናል። የሰበሰበውንም ዘርዝሯል፦ ከአሮጌ የእንግሊዝ ጋዜጣ የተገነጠለ የመቅደላ እስረኞች ሥዕል፣ በጣልያን ዘመን የታተመ የጎንደር ፖስት ካርድ፣ በእንግሊዝ እጅ የወደቀ የጣልያን ምርኮኛ ለቤተሰቡ የላከበት የታተመ ካርድ። ጽሑፉ ጥሩ ነበር፤ አንብበን አጨብጭበናል። እኔ ግን ካጨበጨብኩ በኋላ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

በመጀመሪያ የጓደኛዬን እውነት ልቀበል። አይጥ ወረቀት ይበላል። ጣራ ያፈሳል፤ ጭስ ያጠቁራል። በዳባትና በደባርቅ መንደሮች ስንቱ አሮጌ ወረቀት የበርበሬ መጠቅለያና የእሳት ማያያዣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መሰብሰብ ነውር ነው የሚል ቢመጣ እኔ ከእሱ ጋር አልቆምም። የእኔ ጠብ ከሚዛኑ ጋር ነው። ጓደኛዬ ወረቀቶቹን ሲያሳየኝ ሦስቱንም አገላብጬ አየሁ። በሦስቱም ላይ የአንድ ኢትዮጵያዊ እስረኛ ስም የለም። ይኼ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው?

እስቲ ከመቅደላ እንጀምር። እንግሊዝ ጦሯን ያዘመተችው ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ላስፈታ ብላ ነበር። ከእስረኞቹ መካከል ስተርን፣ ዶክተር ብላንክና ራሳም እያንዳንዳቸው መጽሐፍ አሳትመዋል። የለንደን ጋዜጦችም የዘመቻውን ሥዕል በገጽ በገጹ አወጡ። ዛሬ እነዚያ ገጾች ከጋዜጣውና ከመጽሐፉ እየተገነጠሉ፣ መስታወት እየገባላቸው ይሸጣሉ። በዚያው አምባ ላይ ግን ኢትዮጵያውያንም በእግር ብረት ታስረው ነበር፤ ቁጥራቸውም ከፈረንጆቹ እጅግ ይበልጣል። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከአሮጌ ውጊያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ንጉሡ ከእነዚህ እስረኞች ብዙዎቹን አስገድለው ወደ ገደል አስጣሏቸው። አውሮፓውያኑ ግን ከውጊያው በኋላ በሕይወት ተለቀቁ። መጽሐፍ የጻፉት የተለቀቁት ናቸው። ገደል የገቡት በእነሱ መጽሐፍ ውስጥ «የአገሬው እስረኞች» ተብለው በጅምላ ያልፋሉ።

እዚህ ላይ ፈረንጅን ብቻ ረግመን እንዳንገላገል። አሳሪው የራሳችን ንጉሥ ነበሩ፤ ሐውልታቸው አጠገብ ፎቶ የምንነሣላቸው የቋራው ካሳ። ጀግንነታቸውን የምንወድ ከሆነ እስረኞቻቸውንም መቁጠር አለብን። ያልቆጠርናቸው እኛም ነን።

ወደ ራሳችን ከተማ እንምጣ። ጣልያን ጎንደርን መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ያዘ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በአገሪቱ የተያዘው ሰው ብዛት የትየለሌ ሆነ። መኳንንቱና የተማረው ወደ ኢጣልያ ተጋዘ፤ አንዳንዱም አዚናራ ደሴት ላይ ተጣለ። ሌላው በቀይ ባሕር ውስጥ ወዳለችው ናኩራ፣ ሌላው ከመቅዲሾ በስተደቡብ ወዳለው ዳናኔ ተወሰደ። ከዳናኔ የተረፉት አቶ ሚካኤል ተሰማ በቃለ መሐላቸው፣ በዚያ ከታሰሩት 6,500 ሰዎች 3,175ቱ መሞታቸውን መስክረዋል። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ቃላቸው የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀል እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 ባሳተማቸው ሰነዶች ውስጥ ይገኛል።

ከዚያ ተራው ተገለበጠ። መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሊማሊሞ አናት ላይ ወልከፊት የመሸገው የጣልያን ጦር እጁን ሰጠ። ኅዳር 18 ቀን ጄኔራል ናሲ ጎንደርን አስረከበ። ምርኮኛው ተግዞ ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ካምፖች ሄደ። ለምርኮኛ ግን እ.ኤ.አ. የ1929 የጄኔቫ ውል አለው፤ ደብዳቤና ካርድ የመላክ መብት አለው። ጓደኛዬ የገዛው ካርድ የዚህ መብት ልጅ ነው። ፌሊቼ ቤኑዚ የሚባል ምርኮኛማ ከናኑኪ ካምፕ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ፣ የኬንያን ተራራ ወጥቶ፣ ተመልሶ ካምፑ ገባ፤ ኋላም መጽሐፍ ጽፎ በዓለም ተነበበ። ደግ አደረገ! ሰው ነው፤ ታስሯል፤ ይጻፍ። ግን የዳናኔው እስረኛ የት ተራራ ወጣ? የእሱን ካርድ የትኛው ሰብሳቢ ነው በጨረታ የሚሻማበት?

ነገሩ ይኸው ነው። የታተመ ወረቀት የሚተርፈው ማተሚያ ለነበረው እስረኛ ነው። ሰብሳቢው በዋጋ ብቻ ሲመርጥ ያንኑ የአሳሪውን ሚዛን ይዞ ይቀጥላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ወራሹ ማን እንደሆነ ግን ተረቱ አይነግረንም።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። አያቴ ከመሶባቸው ሥር በጨርቅ ጠቅልለው ያኖሩት አንድ ወረቀት ነበራቸው። ግማሹ በጣልያንኛ የታተመ፣ ግማሹ በእጅ የተሞላ፣ ከታች ማኅተም ያለበት። «የአባቴ መፈቻ ነው» ይሉ ነበር። አንደኛ ዓመት ሳለሁ «ላስነብበው» ብዬ ወሰድኩና ፒያሳ አካባቢ ለአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ በ600 ብር ሸጥኩት። ጫማ ገዛሁበት። ነጋዴው የጠየቀኝ «ማኅተሙ ይነበባል ወይ?» ብሎ ነው። «የማን ነው?» አላለኝም። እኔም አልነገርኩትም፤ ቅጂም አላስቀረሁም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይላሉ፤ እኔ የገዛ አጥሬን ነቅንቄ ሸጥኩ። ጫማው ዓመት ሳይሞላው ተቀደደ። አያቴ ግን ቤት በሄድኩ ቁጥር «ያች የአባቴ ወረቀት ደኅና ናት?» ይሉኛል። «ደኅና ናት» እላለሁ።

እንግዲህ ጓደኛዬ ሆይ፣ ሰብስብ። ነገር ግን ወረቀት ከሰው እጅ ስትገዛ መጀመሪያ የማን እንደነበር ጠይቅ። ቅጂውን ለባለቤቱ ቤተሰብ ተው፤ ሌላ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ስጥ። ከሥዕሉ ጀርባ በእርሳስ የሰውየውን ስም፣ አገሩንና የነገረህን ሰው ቃል ጻፍ። ይህን የማታደርግ ከሆነ አንተና አይጡ የምትለያዩት በአመጋገብ ብቻ ነው።

ለአዘጋጆቹም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ አንድ ገጽ ይከፈትልን። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በጣልያን ጊዜም ሆነ ከዚያ ወዲህ የታሰረ ዘመድ ያላቸውን ሽማግሌዎች ጠይቀን ስም፣ ቦታና ዘመን ይዘን እንምጣ። ማተሚያ የለንም እንዳንል እጃችንን የሚያጠቁረው ይኼ ማባዣ አለን። በዚያ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ስም የአያቴ አባት ስም ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ቤት ሄጄ ለአያቴ እውነቱን መናገር አለብኝ።