የሕግ ዓምድ፦ «ጥፋተኛ ነኝ» ከማለት በፊት

በአሜሪካ የታሰረ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። ይሁንና በመብቱ እንደሚጠቀምና ጠበቃ እንደሚፈልግ አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ሲፈርም ነው።

ሆዜ ፓዲያ የተባለ የሆንዱራስ ተወላጅ የከባድ መኪና ሹፌር በግሪን ካርድ ከ40 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ለአሜሪካም ቬትናም ዘምቷል። ኬንታኪ ውስጥ ማሪዋና ጭኖ ሲከሰስ፣ ጠበቃው ብዙ ዘመን ስለኖረ ኢሚግሬሽን እንደማያሰጋው ነገረው። አምኖ ጥፋተኛ ነኝ አለ፤ ከአገር የመባረር ጣጣ መጣበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ጠበቃ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛው ይህን አደጋ አስቀድሞ የመንገር ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ።

«ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ» የተባለ ወገን፣ ሥራ ቢቀርበትም እንኳ፣ ዜጋ አለመሆኑን ለጠበቃው ይንገር። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ በአመክሮ የተለቀቀም በኢሚግሬሽን ሕግ እንደተፈረደበት ይቆጠራል።